በአነስተኛ ትራክተር ጀርባ የሃይድሮሊክ ኃይል ስለ መጨመር፤ የምሰሶ ጉድጓድ ለሚያስቆፍሩ የተጻፈ መመሪያ

የአጥር ምሰሶ ጉድጓድ በዶማና በአካፋ የቆፈረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መሬት የመጀመሪያውን አንድ ክንድ በቀላሉ ከለቀቀ በኋላ የቀረውን ጥልቀት እየነፈገ ይሄዳል፤ ቆፋሪውም ወደ ታች ለመድረስ ሲል የጉድጓዱን አፍ ከሚያስፈልገው በላይ ለማስፋት ይገደዳል፤ በዚህም የተነሣ ምሰሶው በላላ አፈር ተከቦ ይቆምና አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ማዘንበል ይጀምራል። ስለዚህ ከ20 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ትራክተር በእጁ የገባለት ገበሬ፣ ወይም ቡናና አቮካዶ የሚተክል አትክልተኛ፣ ወይም ግጦሹን ማጠር የሚሻ ከብት አርቢ፣ ከማረሱና ከመጎተቱ ቀጥሎ ይህ መኪና ጉድጓድ ይቆፍርልኝ ዘንድ ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የተገባ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በፒቲኦ፣ ማለት ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ በደቂቃ 540 ጊዜ በሚዞረው የኃይል ማውጫ ዘንግ የሚሠራ መሰርሰሪያ መግዛት ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ በለስላሳና በመጠኑ እርጥብ በሆነ አፈር ላይ ይህ መሣሪያ በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ አነስተኛ ትራክተሮች ባለሦስት ነጥብ ማንጠልጠያ ዕቃ ያነሣል እንጂ ወደ ታች አይጫንም፤ መሰርሰሪያው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ደረቅ መሬት ያገኘው እንደ ሆነ ላዩን እየፋቀ ይዞራል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ፒቲኦ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ መሰርሰሪያው ራሱን ወደ መሬት ጠምዝዞ የተቀረቀረ ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልሰው ኃይል ስለማይኖር፣ ባለቤቱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘንጉን ፈትቶ፣ ብረቱን በረጅም የቧንቧ ቁልፍ በክንዱ ሲጠመዝዝ ይውላል። በዘይት ግፊት የሚዞር የሃይድሮሊክ ሞተር ግን ማንሻውን ወዲያና ወዲህ በማለት ብቻ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዞራል። ለጥቂት ምሰሶዎች ሲል ማንም ይህን ወጪ እንዲያወጣ አልመክርም፤ ብዙ ጉድጓድ በጠንካራ መሬት ለሚያስቆፍር ሰው ግን፣ በትራክተሩ ጀርባ የዘይት መውጫ ማበጀት ከሚጠቅሙት ማሻሻያዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የነገሩን መሠረት ማወቅ ይገባል። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይጎድል ወደ አቅጣጫው ሁሉ ይደርሳል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ ከትራክተር ጀርባ ጋር በማዋሐድ ስሙ የተጠራው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርግሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በወጣው ትራክተር ላይ ባለሦስት ነጥቡ ማንጠልጠያ በዘይት ኃይል እንዲሠራ በማድረጉ፣ ዛሬ የምንጠቀምባቸው አነስተኛ ትራክተሮች ሁሉ የእርሱን ፈለግ ይከተላሉ። በእነዚህ ትራክተሮች በአብዛኛው የሚገኘው ሥርዓት «ክፍት ማዕከል» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ፓምፑ ዘይቱን ሳያቋርጥ ይገፋል፣ ሥራ በሌለም ጊዜ ዘይቱ በቫልቮቹ መካከል ሳይከለከል አልፎ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ነገሩ በመስኖ ቦይ ይመሰላል፤ ውሃው አስቀድሞ በላይኛው ማሳ በኩል ያልፋል፣ የላይኛው ባለ ማሳ ካልጠለፈው ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ የታችኛውም ካልፈለገው ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ቦዩን የደፈነ ሰው ግን በራሱ ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቦዩ ሁሉ ላይ ጥፋት ያመጣል። እንግዲህ አዲስ ቫልቭ መጨመር ማለት በነባሩ ቦይ ላይ አንድ ማሳ ማከል ነው። ዘይቱ ወደ አዲሱ ቫልቭ የሚገባበት፣ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት፣ ለሚቀጥለውም መሣሪያ የሚተላለፍበት ሦስት የተለያዩ መንገዶች መኖራቸውን በልቡናው ያጸና ሰው፣ የሥራውን ግማሽ እንደ ፈጸመ ይቈጠራል።

የመጀመሪያው ሥራ በወረቀት ላይ የሚሠራ ነው። የትራክተርዎን የአገልግሎት መጽሐፍ ያንሡና አራት ነገሮችን ይመዝግቡ፤ እነርሱም የፓምፑ ፍሰት በደቂቃ ስንት ሊትር እንደ ሆነ፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ በስንት ባር እንደሚከፈት፣ ማጠራቀሚያው የሚይዘው የዘይት ዓይነትና መጠን፣ ደግሞም ለተጨማሪ ቫልቭ የተዘጋጀ መውጫ መኖሩና ያለበት ቦታ ናቸው። ስለ ፍሰቱ ሲያነቡ ያስተውሉ፤ የመሪው ፓምፕና የመሣሪያዎቹ ፓምፕ ፍሰት ተደምሮ በአንድ ቁጥር የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ መሰርሰሪያውን የሚያገለግለው ግን የመሣሪያዎቹ ፓምፕ ብቻ ነው። በዚህ መጠን ባሉ ትራክተሮች ላይ ይህ ፍሰት ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ግፊቱም ከ140 እስከ 180 ባር ይሆናል። መጽሐፉ ከጠፋ በትራክተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን የሞዴልና የተከታታይ ቁጥር ገልብጠው ወኪሉን ይጠይቁ፤ በግምት የተገዛ ቫልቭ ገንዘብ ያባክናልና።

ከዚህ ቀጥሎ የመሣሪያው ምርጫ ይመጣል። የፒቲኦ መሰርሰሪያ አስቀድሞ ያለዎት ከሆነ፣ እርሱን ሳይጥሉ ወደ ታች የሚጫን ባለሁለት አቅጣጫ ሲሊንደር ብቻ ሊጨምሩለት ይችላሉ፤ ይህ የመጀመሪያውን ጉድለት ያቃናል፣ ሁለተኛውን ግን እንዳለ ይተወዋል። አዲስ የሚገዙ ከሆነ ግን በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞረውን ይምረጡ፤ ሞተሩንም ከፓምፕዎ ጋር በስሌት ያስማሙ። ፍጥነትን የሚወልደው ፍሰት ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይልን የሚወልደው ግፊት ነው። ለምሳሌ ፓምፕዎ በደቂቃ 24 ሊትር የሚሰጥ፣ ግፊቱም 150 ባር ነው እንበል። በአንድ ዙር 250 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ዘይት የሚያሳልፍ ሞተር ቢገጥሙ፣ 24,000 ለ250 ሲካፈል 96 ይሆናል፤ በውስጡ ሾልኮ ስለሚያልፈው ዘይት ጥቂት ሲቀነስለት፣ መሰርሰሪያው በደቂቃ ከ85 እስከ 90 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉን ለማወቅ ደግሞ ግፊቱን በሞተሩ መጠን አባዝተው ለ62.8 ያካፍሉ፤ ወደ 597 ኒውተን ሜትር ይመጣል፣ በሰበቃ የሚጠፋው ሲነሣለት 500 ያህል ይተርፋል። ሞተሩ በአንድ ዙር 400 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚወስድ ቢሆን ግን ፍጥነቱ ወደ 60 ይወርዳል፣ ኃይሉም በስሌት ወደ 955 ኒውተን ሜትር ከፍ ይላል። እኔ ጠጠርና ሥር ለበዛበት መሬት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚዞር መሰርሰሪያ ድንጋይ ሲገጥመው ትራክተሩን አያናጋም፣ ለሠራተኛውም አይቶ ለማቆም ፋታ ይሰጠዋል። ብቻ የሞተሩ ዘንግና የመሰርሰሪያው መጋጠሚያ ይህን ኃይል የሚሸከሙ መሆናቸውን ከሻጩ ያረጋግጡ። ከትራክተሩ ሞተር የሚወሰደውን ጉልበት በተመለከተ፣ ፍሰቱን በግፊቱ አባዝተው ለ600 ቢያካፍሉ 6 ኪሎዋት፣ ማለት 8 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናልና፣ ባለ 25 ጉልበት ትራክተር ያለ ጭንቀት ይችለዋል።

ቫልቩን ሲገዙ ከሁሉ አስቀድሞ ለክፍት ማዕከል ሥርዓት የተሠራ መሆኑን፣ ከዚያም «ፓወር ቢዮንድ» የሚባለው ተሻጋሪ መውጫ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ይህ መውጫ በብዙ ቫልቮች ላይ እንዲሁ አይገኝም፤ ለብቻው የሚሸጥ አንድ ትንሽ እጅጌ መሰል ብረት በውስጡ ሲጠመዘዝበት ነው ተሻጋሪው መንገድ ከመመለሻው መንገድ የሚለየው። ያለዚህ ብረት የተገጠመ ቫልቭ ማንጠልጠያው ከባድ ዕቃ ባነሣ ጊዜ ከፍተኛው ግፊት በመመለሻው ክፍል ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ያ ክፍል ደግሞ ለእንዲህ ያለ ግፊት ያልተሠራ በመሆኑ የቫልቩ አካል ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁለተኛው ጉዳይ በውስጡ የሚንሸራተተው ዘንግ ዓይነት ነው። ለሲሊንደር የተሠራው ዘንግ በመካከል ሲቆም ሁለቱንም የሥራ መውጫዎች ይዘጋል፤ ይህ ለሲሊንደር መልካም ነው፣ በፍጥነት ሲዞር ለነበረ ሞተር ግን ድንገተኛ መታገት ስለሚሆንበት የግፊት ምት ያመጣል። ለሞተር የተሠራው ዘንግ ግን በመካከል ሲቆም ሁለቱን መውጫዎች ከመመለሻው ጋር ስለሚያገናኛቸው፣ መሰርሰሪያው በዝግታ ዞሮ ይቆማል። ስለዚህ ባለሁለት ማንሻ ቫልቭ ገዝቶ አንዱን ለሞተሩ፣ ሌላውን ለመጫኛው ሲሊንደር ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ነው። የሞተሩ ማንሻ እጅ ሲለቀው በራሱ ወደ መካከል የሚመለስ ይሁን፤ በቦታው ተቆልፎ የሚቀረው ዓይነት ለእጅ ዕረፍት ቢሰጥም፣ በአደጋ ጊዜ መሰርሰሪያው ያለ ጠባቂ መዞሩን እንዲቀጥል ያደርጋልና አልመክረውም። ቫልቩ የራሱ የግፊት ማስተንፈሻ ካለው፣ በትራክተሩ ከተወሰነው ግፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይስተካከል እንጂ ከዚያ በላይ ፈጽሞ አይሁን።

የጎማ ቱቦዎቹ ሁለት የሽቦ ሽፋን ያላቸው፣ የውስጥ ስፋታቸው ግማሽ ኢንች የሆነ ይሁኑ፤ በአውሮፓው ደረጃ 2ኤስኤን የተባለው የዚህ ስፋት ቱቦ እስከ 275 ባር ለሚደርስ የሥራ ግፊት የተሠራ ነው፣ ሲታጠፍም የእጥፋቱ ሬዲየስ ከ180 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። የመመለሻው ቱቦ ከዚህ ቢሰፋ እንጂ ባይጠብ ይመረጣል። መጋጠሚያዎችን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥርሶቹ ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው፣ ወደ ጫፉ የሚጠብበው፣ ደግሞም ጫፉ በ37 ዲግሪ የተቀረጸው በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሲጠብቁ ግን አንዱ የሌላውን ጥርስ ያበላሻል። ስለዚህ ወደ ሶማሌ ተራ ወይም ወደ ሌላ የመለዋወጫ ገበያ ሲወርዱ የተፈታውን ነባር መጋጠሚያ በእጅዎ ይዘው ይሂዱ እንጂ በቃል አይግለጹ። በቧንቧ ሥራ የተለመደው ነጩ የቴፍሎን ጥቅል በዚህ ሥራ ቦታ የለውም፤ ብጣሹ ተገንጥሎ ወደ ቫልቩ ይገባና ዘንጉን ይቀረቅራል። ዘይቱን የሚያግደው ኦሪንጉ ወይም በጎማ የተከፈፈው ሮንዴላ ነው።

ዕቃው ከተሟላ በኋላ ትራክተሩን ያጥቡት። ይህን ትእዛዝ አንዳንዱ እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን የሃይድሮሊክን ሥርዓት የሚገድለው ከሁሉ በላይ ቆሻሻ ነው፤ በቫልቩ ዘንግና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ዓይን የማያየው አሸዋ ይቧጭረዋል። የተፈታ መውጫ ሁሉ ወዲያው ይከደን፤ አዲስ ቱቦም ቢሆን ሲቆረጥ የተረፈ የጎማና የብረት ዱቄት ስለሚኖርበት ከመገጠሙ በፊት ይጠረግ። ከዚያም ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ከፊት ዕቃ የሚያነሣው ሎደር ካለ እርሱንና ማንጠልጠያውን ወደ መሬት አውርደው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ማንሻዎቹን ሁሉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ በቱቦዎቹ ውስጥ የተያዘው ግፊት የሚለቀው በዚህ መንገድ ነው። ዘይቱም እስኪበርድ ይጠብቁ።

ቫልቩ የሚቀመጥበት መደገፊያ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ብረት ይሠራ፤ ከመቀመጫው ሳይነሡ እጅ የሚደርስበት፣ ከማንጠልጠያው ክንዶች እንቅስቃሴና ከፒቲኦው ዘንግ የራቀ ቦታም ይመረጥለት። ትራክተሩ ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው ቀስት ግን አይበሳ፣ አይበየድበትም፤ ያ ብረት በልክ ተፈትኖ የተሠራ ነውና አንድ ቀዳዳ ጥንካሬውን ያጎድለዋል። በጭቃ መከላከያው ወይም በኋላ አክስሉ ቤት ላይ ያሉትን ነባር ብሎኖች መጠቀም ይበቃል። ብየዳ የግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሎደር ባለው ትራክተር ላይ ዘይቱ ከፓምፑ ወደ ሎደሩ ቫልቭ ይገባል፣ ከዚያም በተሻጋሪው መውጫ ወጥቶ ወደ ማንጠልጠያው ይሄዳል። እርስዎ የሚቆርጡት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ከሎደሩ ቫልቭ የሚመጣውን ቱቦ ወደ አዲሱ ቫልቭ መግቢያ ያስገቡ፣ ከአዲሱ ቫልቭ ተሻጋሪ መውጫ የሚነሣውን ቱቦ ደግሞ ወደ ማንጠልጠያው ይውሰዱ። የአዲሱ ቫልቭ መመለሻ ከማንም ጋር ሳይቀላቀል ራሱን ችሎ ወደ ማጠራቀሚያው ይሂድ፤ በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ማጠራቀሚያው የካምቢዮው ቤት ራሱ ስለ ሆነ፣ የተዘጋጀ ቀዳዳ ካልተገኘ የዘይት መሙያውን ክዳን በሚተካ መጋጠሚያ በኩል ማስገባት ይቻላል። ሎደር በሌለው ትራክተር ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያዘጋጀው የማውጫና የማስገቢያ ማገናኛ በመጽሐፉ ውስጥ ይፈለጋል፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው መዝጊያ ብረት በመጽሐፉ ትእዛዝ መሠረት ካልተገጠመ ዘይቱ በአቋራጭ ያልፍና አዲሱ ቫልቭ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። የሃይድሮሊክ ሞተሩ ከውስጡ የሚሾልከውን ዘይት የሚያስወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ከሆነና አምራቹ ካዘዘ፣ እርሱም በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያው ይገናኝ፤ ይህ ችላ ሲባል የዘንጉ ማኅተም ጎማ ይፈነዳል። በቱቦው ላይ በርዝመቱ የተጻፈው መስመር ተጠምዝዞ ከታየ ቱቦው ራሱ ተጠምዝዟልና ፈትተው ያቃኑት። ከጭስ ማውጫው ያርቁት፤ ማንጠልጠያውን በእጅ እስከ ላይና እስከ ታች እያስኬዱም የትም እንደማይቆነጠጥ ይመልከቱ። በመጨረሻ ሁለቱን የሥራ መውጫዎች በግማሽ ኢንች ፈጣን ማያያዣዎች ይጨርሱ፤ እንስቶቹ በትራክተሩ፣ ወንዶቹ በመሣሪያው ላይ ይሁኑ፣ እያንዳንዱም የአቧራ ክዳን ይኑረው። በቀይና በሰማያዊ ቀለም ምልክት ቢያደርጉባቸው መሰርሰሪያው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቅጣጫ ይዞርልዎታል።

ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልተው፣ መሰርሰሪያውን ገና ሳያገናኙ፣ ማንሻዎቹን በመካከል አድርገው ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ያስነሡ። ጆሮዎን ይስጡ። ሞተሩ ያለ ሥራ የሚያቃስት፣ ማስተንፈሻውም የሚጮህ ከሆነ ዘይቱ መውጫ አጥቷልና ወዲያው ያጥፉ፤ ተሻጋሪው መንገድ ተዘግቷል ወይም የተገዛው ቫልቭ ለዝግ ማዕከል የተሠራ ነው። ሁሉ ጸጥ ካለ ማንጠልጠያውን ያንሡ። ማንጠልጠያው አልነሣ ካለ፣ ነገር ግን አዲሱን ማንሻ ሲነኩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የመመለሻውና የተሻጋሪው ቱቦ ተለዋውጠዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፓምፑን ይወቅሳል፣ ሳይታመም የፈታውም አለ፤ ሁለቱን ቱቦዎች ማለዋወጥ ይበቃ ነበር። ዘይቱ አረፋ ካወጣ ወይም ፓምፑ ካፏጨ አየር ገብቷል ማለት ነውና፣ ማንጠልጠያውን ደጋግመው እያነሡና እያወረዱ እስኪጠፋ ይታገሡ። ከዚያ በኋላ እስከ 300 ባር የሚያነብ መለኪያ በአንዱ ማያያዣ ላይ ገጥመው ማንሻውን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይያዙ፤ የሚነበበው ግፊት መጽሐፉ ካለው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን ይገባዋል። መሰርሰሪያውንም አገናኝተው ከሞከሩ በኋላ የዘይቱን ልክ እንደ ገና ይመልከቱ፤ አዲሶቹ ቱቦዎችና ሞተሩ የጠጡት መተካት አለበትና።

እዚህ ላይ ነፍስን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ዘይት ሲያፈስ የተጠረጠረን ቱቦ በእጅ መዳበስ አይገባም። በከፍተኛ ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ዓይን ሳያየው ጓንትን አልፎ ቆዳን ይበሳል፤ ቁስሉ ከትንኝ ንክሻ የማይበልጥ መስሎ ይታይና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ያበሰብሰዋል፣ ጣትንም እጅንም እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። የሚያፈሰውን ቦታ በካርቶን ቁራጭ ይፈልጉ፣ ዓይንዎንም በመነጽር ይከልሉ። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ሕመሙ ባይሰማውም እንኳ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለሐኪሙም የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑ ተለይቶ ይነገረው።

ለቁፋሮው የሚመረጠው ጊዜ እንደ አፈሩ ባሕርይ ነው። በአድአና በበቾ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይጠነክራል፣ በክረምት ደግሞ በመሰርሰሪያው ክንፍ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ይላል፤ የጉድጓዱንም ግድግዳ እያለሰለሰ ስለሚደፍነው የሚቆመው ምሰሶ ውሃ ይቋጥርበታል። ስለዚህ ዋልካ ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ቢቆፈር መልካም ነው፤ ግድግዳው ከለሰለሰም በዶማ ጫፍ መቧጨር ይገባል። ቀይ አፈር በማናቸውም ወራት ይታዘዛል። ድንጋይ ለበዛበት ቦታ ለዐለት የተሠራ ጥርስ ይገጠም፤ አስቀድሞም በ15 ሴንቲሜትር መሰርሰሪያ መንገድ ተከፍቶ በኋላ በሰፊው ማስፋት ይቀላል። ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ለሆነ የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ ምሰሶ የ25 ሴንቲሜትር መሰርሰሪያ ይበቃል፤ ከርዝመቱም ሢሶው በመሬት ውስጥ ይቀበር፣ የማዕዘን ምሰሶዎች ደግሞ ከዚያ ይጥለቁ።

ትራክተሩን በሚቆፈረው ምልክት ላይ አስተካክለው፣ ፍሬኑን ይዘው፣ ፒቲኦውን አላቀው፣ መሰርሰሪያውን በነፃ አንጠልጥለው ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ። ጫፉ መሬት ሲነካ በግማሽ ፍጥነት ያስጀምሩት። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከገባ በኋላ ማዞሩን አቁመው ያንሡት፣ ከጉድጓዱ ሲወጣ በአጭር ዙር አፈሩን ያራግፉ፣ እንደ ገናም ያውርዱት። በአንድ ጊዜ እስከ ታች መውረድ የሚያጓጓ ነው፣ ነገር ግን መሰርሰሪያ የሚቀረቀረው በዚህ ነው። መጫኛው ሲሊንደር ካለዎት ጥቂት በጥቂት ይጫኑ፤ ብዙ ሲጫኑት መሰርሰሪያው ከቀጥታው ያዘነብላል፣ ከዚያም አልፎ የትራክተሩ የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣል፣ ጎማው ሲነሣ ፍሬኑም ዋጋ የለውም። የተቀረቀረ እንደ ሆነ በማንጠልጠያው አይጎትቱት፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ኋላ አዙረው ካላቀቁት በኋላ ያንሡ።

ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ ወይም የተንዘረፈፈ ኮት ለብሶ በዚህ መሣሪያ አጠገብ መቆም አይገባም፤ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚዞር ብረት ዝግተኛ ይመስላል እንጂ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውዬው እጁን ሳያነሣ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ረዳት ካለ ከአሥር እርምጃ በላይ ርቆ፣ ነጂው በሚያየው ቦታ ይቁም፤ መሰርሰሪያውን ለማቅናት በእጁ እንዲይዝ ፈጽሞ አይታዘዝ፤ ሥር ወይም ሽቦ የተጠመጠመበት እንደ ሆነም ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከወጣ በኋላ ብቻ ይነካ። ከመሬት በታች የውሃ ቧንቧ ወይም የመብራት ገመድ ሊያልፍበት በሚችል ቦታ ከመቆፈር አስቀድሞ የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ የግድ ነው። ምሰሶ ሳይቆምበት የሚያድር ጉድጓድ በጣውላ ወይም በድንጋይ ይከደን፤ ሕፃንም ጥጃም ይገባበታልና።

የሃይድሮሊክ ሞተር በተከታታይ ሲሠራ ዘይቱ ይግላል፤ አነስተኛ ትራክተር ደግሞ የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ፣ ብዙ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ቀን በየመካከሉ ማንሻውን ለቀው የትራክተሩን ሞተር በዝቅተኛ ፍጥነት ያሳርፉት። መሣሪያውን ሲፈቱ ማያያዣው አልላቀቅ ካለ፣ ፀሐይ የመታው ዘይት በውስጡ ታፍኖ ነውና ሞተሩን አጥፍተው ማንሻውን ወዲያ ወዲህ ይበሉት፤ በመዶሻ መምታት አያስፈልግም። አዲስ መንገድ የገባለት ሥርዓት በመጀመሪያው የሥራ ወቅት ከቱቦዎቹና ከመጋጠሚያዎቹ የቀረ ጉድፍ ስለሚያጥብ፣ ፊልትሮው በመጽሐፉ ከተጻፈው ጊዜ ቀድሞ ይለወጥ፤ በዚያው ዕለት የመደገፊያው ብሎኖች ይጥበቁ፣ ቱቦዎቹም ከብረት ጋር የሚፋተጉበት ቦታ መኖር አለመኖሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመርመር።